የሬይክያቪክ ስድስተኛው ጨዋታ

ተራችን እስኪደርስ በታክሲ ኮፈን ላይ ቼዝ የምንዘረጋ የማኅበሩ አባላት ስለ አከፋፈት ስንከራከር መጨረሻችን ሁልጊዜ ሬይክያቪክ ነው። አባቶቻችን በሰንጠረዥ «ወረራ» ሲሉ አንድ ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ እንዳሻቸው ያንቀሳቅሱ ነበር። በቼዝ ግን የመጀመሪያዋ እርምጃ ራሷ ወሬ ትሆናለች።

እ.ኤ.አ. ጁላይ 23 ቀን 1972 የሆነው ይኸው ነው። ፊሸር አንደኛውን ጨዋታ ተሸንፎ፣ ሁለተኛውን ባለመቅረቡ ተቀምቶ፣ እንደ ምንም 2½ ለ 2½ ደርሷል። ዕድሜውን ሙሉ ማለት ይቻላል በንጉሡ ፊት ያለውን ወታደር ሁለት ቤት እየገፋ ሲከፍት የኖረ ሰው፣ ያን ዕለት በንግሥቲቱ በኩል ካለው ጳጳስ ፊት የቆመውን ገፋ! ጨዋታው ወደ ንግሥት ጋምቢት ዞረ። ስፓስኪም የሚወደውን የታርታኮወርን መከላከያ ያዘ።

በ14ኛው እርምጃ ፊሸር ጳጳሱን እስከ አምስተኛው ረድፍ ሰደደ። ሐሳቡ አዲስ አልነበረም፤ በ1970 ፉርማን በጌለር ላይ ተጫውቶታል። ጌለር ደግሞ በሬይክያቪክ የስፓስኪ ረዳት ነበር! እኛን እስከ ዛሬ የሚያከራክረን ይኸ ነው። ስፓስኪ በ41ኛው እርምጃ እጅ ሰጠ፤ ከተመልካቹ ጋርም አብሮ አጨበጨበ። እንዲህ ያለ ተሸናፊ በእኛ ሰልፍ አላየንም።

ጌለር በ1973 ለዚያች የጳጳስ እርምጃ በንግሥቲቱ መልስ ሰጥቶ ቲማንን አሸነፈ። ዘውዱ ግን ሴፕቴምበር 1 ቀን 1972፣ በ12½ ለ 8½፣ ወደ ፊሸር አልፎ ነበር።