የጁበይሉ ቤተ ክርስቲያንና የማር ይስሐቅ አገር

ሪያድ መሀል ከሚገኘው ሹመይሲ ተነሥቶ በደማም መንገድ ወደ ምሥራቅ የሚጓዝ ኢትዮጵያዊ፣ ባሕረ ሰላጤው ዳር ደርሶ ወደ ሰሜን ቢታጠፍ ጁበይልን ያገኛል። ከተማዋ ስሟ የሚነሣው በነዳጅና በኬሚካል ፋብሪካዎቿ ነው። እዚያው አቅራቢያ አሸዋ ውስጥ የአንድ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ እንዳለ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ፍርስራሹ ታጥሯል፤ ለጎብኚም ክፍት አይደለም። ውስጡን ማየት የሚሻ ሰው ያለው አማራጭ ፍርስራሹ በተገኘ ጊዜ የተነሡትን ፎቶግራፎችና ጆን ላንግፌልት በ1994 እ.ኤ.አ. ያሳተመውን ጥናት ማገላበጥ ነው።

ሕንጻው የተገኘው በ1986 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ አሸዋ የዋጠውን መኪናቸውን ቆፍረው ለማውጣት ሲታገሉ የነበሩ ሰዎች ድንገት እንደደረሱበት ይነገራል። ከተራው መኖሪያ ቤት የሚለየው በአቀማመጡ ነው። በግንብ የታጠረ ገላጣ ግቢ አለ፤ ከግቢው በስተ ምሥራቅ ሦስት ክፍሎች ጎን ለጎን ተደርድረዋል። መካከለኛው መቅደስ ነው። ግራና ቀኝ ያሉት ደግሞ ለአገልግሎቱ የሚያስፈልጉ ክፍሎች ናቸው።

ይህ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ ነገር አይደለም። በአክሱም ዘመን አብያተ ክርስቲያናት፣ በደብረ ዳሞ፣ ከላሊበላ ወዲያ በዋሻ ውስጥ በተሠራው በይምርሐነ ክርስቶስም መቅደሱ በምሥራቅ ጫፍ መሀል ላይ ሆኖ ክፍሎች ከግራና ከቀኝ ያጅቡታል። ልዩነቱ በመሥሪያው ነው። ይምርሐነ ክርስቶስ ድንጋይና እንጨት እየተፈራረቀ የተነባበረበት፣ የድንጋዩ ረድፍ በነጭ ልስን የደመቀበት ሕንጻ ነው። እንጨት ብርቅ በሆነበት በባሕረ ሰላጤው ዳርቻ ግን ጌጡን ሁሉ የተሸከመው የጄሶ ልስን ነው።

ከልስኑ ላይ በተለይ አንድ ነገር ዓይን ይስባል። ሕንጻው ሲገኝ አራት መስቀሎች ነበሩበት፤ በኋላ ጠፉ። ነገር ግን ከነበሩበት ሲነሡ ቅርጻቸው ልስኑ ላይ ታትሞ ቀርቷል። አጥኚው አሁን የሚለካው መስቀሉን ሳይሆን የመስቀሉን ባዶ ቦታ ነው።

ዘመኑ አከራካሪ ነው። በብዙ ጽሑፎች «የአራተኛው መቶ ዘመን ቤተ ክርስቲያን» እየተባለ ይጠቀሳል። ሮበርት ካርተር በ2008 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ግን የባሕረ ሰላጤው አብያተ ክርስቲያናት አብዛኞቹ ከዚያ በጣም ዘግይተው፣ ከእስልምና መነሣት በኋላ ጭምር ያገለገሉ መሆናቸውን አሳይቷል። መነሻው በየቦታው የተገኘው ሸክላና የልስን ጌጥ ነው። በኩዌት ፈይለካ ደሴት ላይ ያለው አልቁሱር፣ በአቡ ዳቢ ሲር በኒ ያስ ደሴት በ1992 እ.ኤ.አ. የተገኘው ገዳም፣ ሁለቱም ከዚሁ ወገን ናቸው። በ2022 እ.ኤ.አ. ደግሞ በኡም አልቀይዌን ሌላ ገዳም መገኘቱ ተገልጿል። የካርተር ሙግት ሚዛን የሚደፋ ይመስላል፤ አራተኛው መቶ ዘመን የሚለው ግምት ማስረጃው ስስ ነው።

የዘመኑ ጥያቄ ኢትዮጵያዊውን የሚነካበት ሌላ ምክንያትም አለ። ይህ ዳርቻ በሱርስት ጽሑፎች ቤተ ቀጥራዬ ይባል ነበር። የምሥራቅ ቤተ ክርስቲያን ካቶሊኮስ ቀዳማዊ ጊዮርጊስ በ676 እ.ኤ.አ. ከጁበይል በስተ ደቡብ ባለችው በዳሪን ሲኖዶስ ጠርቶ፣ ከፋርስ ሊቀ ጳጳስ ጋር የተጣሉትን የአካባቢውን ኤጲስ ቆጶሳት አስታርቋል። ጋብቻ በካህን ቡራኬ እንዲፈጸም ያዘዘውም ይኸው ጉባኤ ነው። ያው ጊዮርጊስ የዚህ አገር ተወላጅ የሆነ አንድ መነኩሴ በነነዌ ኤጲስ ቆጶስነት ሾመ። መነኩሴው አምስት ወር ያህል ቆይቶ ሹመቱን ተወና ወደ ተራራ ወጣ። በእርጅናው ከንባብ ብዛት ዓይኑ እንደጠፋ ይተረካል። ይህ ሰው ማር ይስሐቅ ነው።

በስሙ የሚጠራው መጽሐፍ፣ ማር ይስሐቅ፣ ከፊልክስዩስና ከአረጋዊ መንፈሳዊ ጋር መጻሕፍተ መነኮሳት ከሚባሉት ሦስት መጻሕፍት አንዱ ነው፤ በአብነት ትምህርት ቤት የመነኮሳት ጉባኤ ተዘርግቶ አንድምታው ይነገርበታል። ንስጥሮስን አጥብቃ የምታወግዝ ቤተ ክርስቲያን፣ በንስጥሮሳዊነት ከምትከሰሰው ከምሥራቅ ቤተ ክርስቲያን የተነሣን መነኩሴ የመነኮሳቷ መምህር አድርጋ መያዟ ሊቃውንቱን ያወዛግብ ይሆናል። ተማሪው ግን ዘንግ ተደግፎ ያነበንበዋል።

የሳዑዲ የቅርስ መሥሪያ ቤት በጁበይል ቁፋሮ ያካሄደው በ1987 እ.ኤ.አ. ነው፤ የቁፋሮው ውጤት ግን እስከ 2008 እ.ኤ.አ. ድረስ አልታተመም ነበር። ይስሐቅ በዚያ ዳርቻ ልጅ በነበረበት ጊዜ ቤተ ክርስቲያኑ ቆሞ ይቀደስበት እንደሆነ ለመለየት የሚጠቅመው ከወለሉ የወጣው ሸክላ ነው።