አዲስ ሰም የተቀባ ተሽከርካሪ አደራረቅና የማድረቂያ ፎጣዎች አያያዝ

በየመንግስት መሥሪያ ቤቱ ቅጥር ግቢ ጠዋት ጠዋት የሚታይ አንድ የተለመደ ሥራ አለ፡፡ አሽከርካሪው ለስምሪት ከመውጣቱ በፊት ሌሊቱን ያረፈውን አቧራና ጤዛ በአንድ ጨርቅ ከኮፈኑ ጀምሮ እስከ ኋላ መስታወቱ ድረስ ይወለውላል፡፡ ተሽከርካሪው በቅርቡ ሰም ተቀብቶ ከሆነ ማብረቁ ጎልቶ እንዲታይ ስለሚፈለግ ውልወላው ይበልጥ ይጠነክራል፡፡ ይሁን እንጂ በቀለም ላይ የሚታየው ጥቃቅን ጭረት በዋነኝነት የሚመጣው ከመንገድ ሳይሆን ከዚሁ ጨርቅ ነው፡፡

የአንድ ተሽከርካሪ ቀለም ላሜራውን ከሸፈነው የዝገት መከላከያ አንስቶ እስከ መጨረሻው ንብርብር ድረስ ሲለካ ውፍረቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን አካባቢ ነው፡፡ አንድ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው፡፡ ከሁሉ በላይ ያለው ግልጽ ንብርብር ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ያህል ብቻ በመሆኑ ከአንድ የፀጉር ዘለላ አይበልጥም፡፡ በመስክ ሥራ ላይ ከሚሰማሩት ነጭ ተሽከርካሪዎች መካከል ደግሞ ይህ ግልጽ ንብርብር ጭራሽ የሌላቸውና ነጩ ቀለም ራሱ የመጨረሻው ሽፋን የሆነላቸው ይገኛሉ፡፡ ጭረትን በፖሊሽ ማስወገድ ማለት ጭረቱን መሙላት ሳይሆን በዙሪያው ያለውን ቀለም ፍቆ ከጭረቱ ወለል ጋር ማስተካከል ነው፡፡ ስለዚህ ይህ ሥራ ሊደጋገም የሚችለው ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው፡፡ ከዚያ በኋላ ያለው አማራጭ ተሽከርካሪውን ከስምሪት አስወጥቶ እንደገና ማስቀባት ይሆናል፡፡ ወጪው ከመሥሪያ ቤቱ በጀት የሚወጣ ሲሆን፣ ያለጊዜው የደበዘዘ ተሽከርካሪ በጨረታ ሲወገድ የሚያወጣው ዋጋም ይቀንሳል፡፡

የተቀባው ሰም ቀለሙን ከጭረት ይከላከላል የሚለው ግምት የተሳሳተ ነው፡፡ የተፈጥሮ ሰም በዋነኝነት የሚገኘው በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ከሚበቅለውና ካርናውባ ከሚባለው የዘንባባ ዝርያ ቅጠል ነው፡፡ ሰው ሠራሽ የሆነው ደግሞ በፋብሪካ ከሚዘጋጁ ፖሊመሮች የሚሠራ ነው፡፡ ሁለቱም ውኃ በቀለሙ ላይ እንዳይንጣለል፣ የወፍ ኩስና ጭቃ በቀላሉ እንዳይጣበቅ ያግዛሉ፤ ማብረቅንም ይጨምራሉ፡፡ ንብርብራቸው ግን እጅግ ስስ ስለሆነ አንድ የአሸዋ ቅንጣት የሚያሳርፈውን ጫና መቋቋም አይችሉም፡፡ በአቧራ ውስጥ በብዛት የሚገኘው ኳርትዝ የተባለው ማዕድን በሞህስ የጥንካሬ መለኪያ 7ኛ ደረጃ ላይ የሚገኝና ብርጭቆን የሚጭር ነው፡፡ በቀለምና በሰም ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ከዚህ መገመት ይቻላል፡፡

በሰም የተሸፈነ ገጽ ላይ ውኃ ተሰብስቦ ጠብታ ይሠራል፡፡ ይህ ለዓይን የሚያስደስት ቢሆንም ጠብታው በፀሐይ ሲደርቅ በውስጡ ሟሙተው የነበሩት የካልሲየምና የማግኒዚየም ውሁዶች በአንድ ነጥብ ላይ ተከማችተው ነጭ ክብ ምልክት ይተዋሉ፡፡ ምልክቱ ቶሎ ካልተወገደ ሰሙን አልፎ ቀለሙን ሊበላ ይችላል፡፡ በዚህ ረገድ ከጉድጓድ የሚወጣ ውኃ በአመዛኙ ከግድብ ውኃ የበለጠ ማዕድን አለው፡፡ በድሬዳዋና በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ተሽከርካሪ የሚያጥቡ ይህን በሚገባ ያውቁታል፡፡ አዲስ አበባም ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች በተጨማሪ ከአቃቂ የከርሰ ምድር ውኃ የምትጠቀም በመሆኗ ነጠብጣቡ በአንዱ ክፍለ ከተማ ጎልቶ በሌላው ሳይታይ ቢቀር አያስገርምም፡፡

አዲስ ሰም የተቀባ ተሽከርካሪ ሰሙ በአምራቹ መመሪያ ላይ የተገለጸው የመጠንከሪያ ጊዜ ሳይሞላ ውኃ እንዳይነካው ማድረግ ተገቢ ነው፡፡ ጊዜው እንደ ሰሙ ዓይነት ከጥቂት ሰዓታት እስከ አንድ ቀን ሊደርስ ስለሚችል በክረምት ወራት ሥራውን በመጠለያ ሥር ማከናወን ይመረጣል፡፡ ከዚያ በኋላ በሚደረገው የመጀመሪያ እጥበት ለመጨረሻው ማለቅለቂያ የጎማ ቱቦውን አፍ ሳይጨብጡ ውኃው በዝግታ ከጣሪያው ወደ ታች እንዲፈስ ማድረግ ይጠቅማል፡፡ ጥሩ ሰም ባለበት ገጽ ላይ ውኃው ተያይዞ ስለሚወርድ በፎጣ የሚነሳው ጥቂት ይሆናል፡፡ በላቫጆዎች እንደሚታየው በኃይል እየረጩ መጨረስ ግን ገጹን በሺህ ጠብታ ሞልቶ መተው ነው፡፡

ማድረቁ የሚከናወነው በጥላ ሥርና ላሜራው በእጅ ሲዳሰስ ቀዝቃዛ ሲሆን ነው፡፡ ፎጣውን በኮፈኑ ወይም በጣሪያው ላይ ዘርግቶ በመዳፍ ቀስ ብሎ መጫን፣ ከዚያም ሁለቱን ጫፍ ይዞ ወደ ራስ መሳብ በቂ ነው፡፡ ማሸት አያስፈልግም፡፡ ፎጣው ፈጽሞ ደረቅ ከሚሆን ይልቅ በመጠኑ ቢርስ ውኃን በተሻለ ፍጥነት ይመጣል፡፡ ቅደም ተከተሉ ከጣሪያና ከመስታወት ወደ ኮፈን፣ ከዚያ ወደ በሮች ሲሆን፣ ከበሩ ወገብ በታች ያለው ክፍል ጭቃ ስለማያጣው በመጨረሻ ይደርቃል፡፡ ቸርኬና የበር ውስጥ ጠርዝ የራሳቸው ጨርቅ ሊኖራቸው ይገባል፡፡ ስፖኪዮና የበር እጀታ ውኃ ይዘው ቆይተው ኋላ የሚያንጠባጥቡ በመሆናቸው ሁለተኛ ጊዜ መመለስ ያሻል፡፡ መሬት የወደቀ ፎጣ ሳይታጠብ ወደ ሥራ አይመለስም፤ ይህ ድርድር የሌለው ደንብ ነው፡፡

ወደ ጠዋቱ ውልወላ ስንመለስ፣ ጤዛ ያረፈበት አቧራ በተግባር ከካርታ ቬትሮ የሚለየው በመጠን ብቻ ነው፡፡ በፀሐይ ሲታዩ በመብራቱ ዙሪያ ክብ ሠርተው የሚያብረቀርቁት ጭረቶች አብዛኞቹ በእውነቱ ክብ አይደሉም፤ በየአቅጣጫው ከተጫሩት መስመሮች መካከል ብርሃኑን ወደ ዓይን የሚመልሱት ብቻ ስለሚታዩ ነው ክብ የሚመስሉት፡፡ ተሽከርካሪው አቧራ ብቻ ካለው መስታወቱን፣ መብራቱንና ሰሌዳውን አጽድቶ መንዳት በቂ ነው፡፡ ማብረቅ የግድ ከሆነ ገጹን አስቀድሞ በውኃ ማለቅለቅ ያስፈልጋል፡፡ ውኃ በፈረቃ በሚደርስበት አካባቢ አንድ ባልዲ ማስቀመጥ ለዚህ ይበቃል፡፡ በናፍጣ ወይም በነጭ ጋዝ መወልወል ሰሙን የሚያሟሟ ስለሆነ የተደከመበትን በአንድ ጠዋት መጣል ይሆናል፡፡

ለማድረቂያነት የሚመረጠው ማይክሮፋይበር ከፖሊስተርና ከፖሊያማይድ ድብልቅ፣ ብዙ ጊዜም 80 ለ20 ወይም 70 ለ30 በሆነ መጠን የሚሠራ ነው፡፡ ክሩ እጅግ ቀጭን በመሆኑ 9 ሺህ ሜትር ርዝመቱ ከአንድ ግራም በታች ይመዝናል፡፡ ግዥ የሚጠይቁ ክፍሎች በስፔስፊኬሽን ላይ ድብልቁን፣ በካሬ ሜትር ከ400 ግራም ያላነሰ ክብደትንና ጠንካራ ስፌት የሌለበትን ጠርዝ ቢያካትቱ ተራ ጨርቅ በፎጣ ስም ከመረከብ ይድናሉ፡፡ ማይክሮፋይበር በማይገኝበት ቦታ ንጹህ የጥጥ ፎጣ አይናቅም፤ ከቆሸሸ ማይክሮፋይበር ይሻላል፡፡ ያረጀ ሸሚዝ ግን ቁልፉና ስፌቱ ስለሚጭር፣ ፖሊስተር የበዛበት ከሆነም ውኃ ስለማይመጥ አይመከርም፡፡

ፎጣዎቹ አዲስ ሳሉ ከሥራ በፊት አንድ ጊዜ ይታጠባሉ፤ ምልክት ማሳያ ጨርቃቸውም ተፈትቶ ይነሳል፡፡ ከጥጥ ልብስ ጋር መዘፍዘፍ ብናኙን ስለሚይዙ አይገባም፡፡ ለብ ያለ ውኃና ፈሳሽ ሳሙና የሚመረጥበት ምክንያት ዱቄት ሳሙና በሚገባ ካልሟሟ ቅንጣቱ በክሮቹ መካከል ስለሚቀር ነው፡፡ በረኪና ፖሊያማይዱን ይጎዳል፤ የልብስ ማለስለሻ ደግሞ ክሩን ሸፍኖ ውኃ እንዳይመጥ ያደርገዋል፡፡ ሰም የተወለወለበት ፎጣ ውኃን ስለሚገፋ ለማድረቂያነት መዋል የለበትም፣ ለብቻውም ይታጠባል፡፡ ካርናውባ የሚቀልጠው ከ80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በመሆኑ ሙቅ ውኃ ብቻውን አያወጣውም፤ ውኃውን ማፍላትም ፎጣውን ያበላሻል እንጂ ሰሙን በሚገባ አያስለቅቅም፡፡ የሚበጀው ሳሙናውን ደጋግሞ ማሸትና ማለቅለቅ ነው፡፡ የታጠበው ፎጣ ተራግፎ በጥላ ሥር በገመድ ላይ ይሰጣል፡፡ በአጥር፣ በሣር ወይም በሞተር ላይ ማስጣት እሾህና ቅባት ያስይዛል፡፡ ካውያ አይነካውም፡፡ ሙሉ በሙሉ ከደረቀ በኋላ በተዘጋ ከረጢት ይቀመጣል፤ እርጥብ ሆኖ ከወንበር ሥር የተወሸቀ ይሻግታል፡፡

ጎማና ባትሪ በሞዴል 22 ወጪ ተደርጎ በየታርጋው ሲመዘገብ፣ ፎጣ ግን በአሽከርካሪው ብልሃት እንዲገኝ የሚተውባቸው መሥሪያ ቤቶች ጥቂት አይደሉም፡፡ ለአንድ ተሽከርካሪ ሁለት የማድረቂያ፣ ሁለት የሰም መወልወያና አንድ የቸርኬ ፎጣ በአላቂ ዕቃነት ቢመደብ የሚጠይቀው ወጪ ከአንድ ኮፈን ማስቀቢያ ጋር የሚነጻጸር አይደለም፡፡ ዓይነታቸው እንዳይደባለቅ በማዕዘናቸው ላይ የተለያየ ቀለም ያለው ክር መስፋት ይቻላል፡፡ ሻካራ የሆነው የማድረቂያ ፎጣ ክሩ ተቀይሮ ለክሩስኮትና ለመቀመጫ ማጽጃ ይተላለፋል፤ ከዚያ ለቸርኬ፣ በመጨረሻም ለሞተር ክፍል ይውላል፡፡ ሞተር የነካው ፎጣ ወደ ቀለም አይመለስም፤ ተሽከርካሪው ከአንዱ አሽከርካሪ ወደ ሌላው ሲዛወርም ከክሪክና ከመለዋወጫ ጎማ ጋር በርክክብ ሰነዱ ላይ የሚሰፍሩት ያልተላለፉት ፎጣዎች ብቻ ናቸው፡፡