የሙያተኛ መግቢያና መውጫ፦ ከገነተ ማርያም ዘመን እስከ ዛሬው ቪዛ

መግቢያ

በላስታ ደጋ፣ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ አካባቢ፣ ከላሊበላ ከተማ በስተምሥራቅ የምትገኘው ገነተ ማርያም ከአንድ ወጥ ዓለት ተፈልፍላ የወጣች፣ ዙሪያዋን በዓምዶች የታጀበች ቤተ ክርስቲያን ናት። በግድግዳዋ ላይ ከሚታዩት ጥንታዊ ሥዕሎች አንዱ ከ1270 እስከ 1285 የነገሠውን የዐፄ ይኩኖ አምላክን መልክ ያሳያል፤ ሕንፃዋም የተሠራችው በእርሱ ዘመን እንደ ሆነ ይታመናል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።)

ገነተ ማርያምን የሚጎበኝ መሐንዲስ ዓይኑን የሚጥለው በዓለቱ ጠባይ፣ በዓምዶቹ አሰላለፍና በጠራቢዎቹ ጥበብ ላይ መሆኑ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ የዚያ ዘመን ታሪክ ለሙያ ማኅበር አባላት ሌላም ትምህርት ይዟል። ዓለቱን የሚፈለፍል እጅ በአገር ውስጥ ሞልቶ ሳለ፣ ታቦቱን ባርኮ፣ ካህናቱን ሾሞ ሕንፃውን ለአገልግሎት የሚያበቃው ጳጳስ ግን ያለ ባዕድ መንግሥት ፈቃድ አይገኝም ነበር። ዛሬ አንድ ወጣት ተመራቂ የትምህርት ወይም የሥራ ቪዛ ለመጠየቅ በአዲስ አበባ ከኤውሮጳ ኤምባሲዎች በአንዱ ደጃፍ ሲሰለፍ፣ ነገሩ በእርሱ ትውልድ የተጀመረ ይመስለው ይሆናል። የሙያተኛ ዝውውርና የበር ፈቃድ ጉዳይ ግን በዚህች አገር ከሰባት መቶ ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው ነው።

ይህ ረዥም ታሪክ ሲመረመር አንድ ነገር ደጋግሞ ይታያል። ሙያ ከአገር ወደ አገር ተሻግሮ ሥር የሚሰደው ሦስት ነገሮች ሲሟሉ ነው፤ የመግቢያ በር፣ የመውጫ በር፣ እንዲሁም ሙያውን የሚረከብ የተዘጋጀ ሰው። ከሦስቱ አንዱ በጎደለ ጊዜ የተደከመበት ሁሉ ከባለሙያው ጋር አብሮ ጠፍቷል።

ከግብፅና ከሶርያ የመጡ ጳጳሳት

በጥንቱ ሥርዓት መሠረት የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ጳጳሷን የምትቀበለው ከእስክንድርያው መንበር ነበር። ጳጳሱን የሚሾመው ፓትርያርኩ ቢሆንም፣ ከካይሮ ወጥቶ በቀይ ባሕር በኩል እንዲያልፍ የግብፁ ሱልጣን ፈቃድ ግድ ይሆን ነበር። ስለዚህ በአንድ ሰው ጉዞ ላይ የሁለት መንግሥታት ፖለቲካ፣ የንግድ ጥቅምና የሃይማኖት ጉዳይ በአንድነት ይታሰሩበት ነበር።

ይኩኖ አምላክ ጳጳስ እንዲላክለት በ1274 ለሱልጣን ቤይባርስ ጻፈ። ደብዳቤው በየመን ንጉሥ በኩል ዞሮ ካይሮ ቢደርስም ጉዳዩ እንደ ተፈለገው አልተፈጸመም። ከዚህም የተነሣ ንጉሡ በግብፃዊው ጳጳስ ፈንታ ከሶርያ በመጡ ጳጳሳት መጠቀም ግድ ሆነበት። አንዱ በር ሲዘጋ ከሌላው የእስያ ማዕዘን ሰው ፈልጎ ማስመጣት የዘመናችን ብልሃት አለመሆኑን ይህ ያስረዳል።

የሶርያውያኑ መምጣት ግን ችግሩን አልፈታውም። ሥልጣናቸው ከእስክንድርያ ያልመነጨ በመሆኑ የሚሰጡት ሹመት አጠያያቂ ሆነ። በዛሬው አነጋገር የሙያ ማስረጃቸው ተቀባይነት አጣ ማለት ይቻላል። የይኩኖ አምላክ ልጅ ይግባ ጽዮን በ1290 ለሱልጣን ቃላውን በጻፈው ደብዳቤ፣ ከአባቱ አቋም ራሱን አርቆ፣ እንደ ቀድሞው ሥርዓት ከግብፅ ጳጳስ እንዲሰጠው ለመነ፤ በግዛቱ ለሚኖሩ እስላሞችም ጥበቃ እንደሚያደርግ አረጋገጠ። የአንድ ባለሙያ መግቢያ ፈቃድ የብዙ ሰዎች ደኅንነት መደራደሪያ ሆኖ ነበር።

ከውጭ የሚመጣው ጳጳስ አገሩን ከረገጠ በኋላ እስከ ዕለተ ሞቱ በኢትዮጵያ ይኖራል። ሲሞትም ተተኪው እስኪመጣ ድረስ ዓመታት ያልፉ ነበር። ይህ ጥገኝነት የተቋረጠው እጅግ ዘግይቶ ነው። ኢትዮጵያዊው አቡነ ባስልዮስ ሊቀ ጳጳስ የሆኑት በ1951፣ ፓትርያርክ የሆኑት ደግሞ በ1959 ነበር። እስከዚያ ድረስ አንድ ቁልፍ የሥራ መደብ ለብዙ መቶ ዓመታት በውጭ ዜጋ ብቻ ተይዞ ቆይቷል።

መግባት እንጂ መውጣት የሌለበት አገር

የዐሥራ አምስተኛው መቶ ዓመት ነገሥታት ደግሞ ዓይናቸውን ወደ ኤውሮጳ አዞሩ። የዐፄ ይስሐቅ መልእክተኞች በ1427 በቫሌንሲያ ከተማ ወደ አራጎኑ ንጉሥ አልፎንሶ ቀርበው የእጅ ሙያተኞች እንዲላኩ ጠየቁ። አልፎንሶ 13 ባለሙያዎችን ላከ፤ ይሁን እንጂ ሁሉም በመንገድ አለቁ። ይህን እርሱ ራሱ በ1450 ለዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በጻፈው ደብዳቤ ገልጿል። የሚልክ ንጉሥና የሚቀበል ንጉሥ ተስማምተው ሳለ በመካከል ያለው መንገድ በሌሎች እጅ ስለ ነበረ የ13 ሰዎች ሙያ ከንቱ ቀረ።

መንገዱ ቀንቷቸው የገቡትን የጠበቃቸው ዕጣ የተለየ ነበር። የቬኒስ ሰው የነበረው ሠዓሊ ኒኮላ ብራንካሌዮን በዐሥራ አምስተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገብቶ ከ40 ዓመት በላይ በኢትዮጵያ ሲሥል ኖረ። በፖርቱጋል ንጉሥ በ1487 የተላከው ፔሮ ዳ ኮቪልያም ብዙ አገር ዞሮ ኢትዮጵያ ከደረሰ በኋላ ወደ አገሩ እንዲመለስ አልተፈቀደለትም። ርስት ተሰጠው፣ ሚስት አገባ፣ ልጆች ወለደ። በ1520 የፖርቱጋል መልእክተኞች ሲመጡ በሕይወት ያገኙት ሲሆን፣ ቋንቋና ልማድ ስለሚያውቅ ትልቅ ረዳት ሆናቸው። ከነዚሁ መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት አይቶ በጽሑፍ አስፍሯል፤ ያየውን ቢናገር የሚያምነው ሰው እንዳይጠፋ መስጋቱንም አልሸሸገም። እርሱና ጓደኞቹ እስከ 1526 ድረስ ስድስት ዓመት ያህል ቆይተዋል።

የነገሥታቱ አሳብ ግልጽ ነበር። በብዙ ድካም የተገኘ ሙያተኛ ከሄደ ሌላ አይገኝም፤ የአገሩንም ምስጢር ይዞ ይሄዳል። ነገር ግን እንዳይወጣ የተከለከለ ሰው ወሬው በሩቅ ሲሰማ፣ ሌላው ወደዚያ አገር ለመምጣት እንዲያመነታ ያደርጋል። መውጫውን መዝጋት ሳይታወቅ መግቢያውንም ማጥበብ ይሆናል።

በሮማ ከተማ የነበሩ ኢትዮጵያውያን

በዚያው ዘመን ኢትዮጵያውያን በተራቸው ባዕድ አገር ገብተው ነበር። ከኢየሩሳሌም አልፈው ሮማ የሚደርሱ መነኮሳትና ተሳላሚዎች በቫቲካን አጠገብ በሚገኘው የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ማረፊያ አገኙ። ስፍራው ዛሬም የሐበሾች የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ይባላል።

ጀርመናዊው ዮሐንስ ፖትከን በ1513 በሮማ ያሳተመው የግዕዝ መዝሙረ ዳዊት በግዕዝ ፊደል ከታተሙት መጻሕፍት የመጀመሪያው ሲሆን፣ ቋንቋውን ያስተማረው በከተማው የነበረ ኢትዮጵያዊ መነኩሴ ነው። ከዚያም የደብረ ሊባኖሱ አባ ተስፋ ጽዮን ከባልንጀሮቹ ጋር ሆኖ በ1548 እና በ1549 የግዕዝ ሐዲስ ኪዳንን አሳተመ። አታሚዎቹ ግዕዝ ማንበብ አይችሉም ነበር፤ መነኮሳቱም የኅትመትን ሥራ አያውቁም ነበር። ስለዚህ እያንዳንዱ ወገን በሌላው ዕውቀት ተደግፎ ሥራውን ፈጸመ፤ መነኮሳቱም በመጽሐፉ ውስጥ ይህንኑ ገልጸው ስለ ስሕተቱ አንባቢን ይቅርታ ጠይቀዋል። በአንድ የሥራ ቦታ የተለያየ ሙያ ያላቸው ሰዎች ያደረጉት ይህ ትብብር ለማንኛውም መሐንዲስ የታወቀ ነገር ነው።

አባ ተስፋ ጽዮን በ1550 በኢጣልያ አረፈ። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1652፣ የአማራው ተወላጅ አባ ጎርጎርዮስ ወደ ጎታ ከተማ ተጉዞ ለጀርመናዊው ሊቅ ለኢዮብ ሉዶልፍ ስለ አገሩ ቋንቋና ታሪክ አስረዳው። የሉዶልፍ የግዕዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በ1661፣ የኢትዮጵያ ታሪክ መጽሐፉም በ1681 ታተሙ። አባ ጎርጎርዮስ ግን በ1658 ወደ አገሩ ሲመለስ መርከቡ ተሰብሮ ባሕር ውስጥ ቀረ። ከነዚህ ሰዎች ድካም የተገኘው ፍሬ በመጀመሪያ የተከማቸው በኤውሮጳ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነበር። የኅትመቱ ጥበብም ከተስፋ ጽዮን ጋር ወደ ደብረ ሊባኖስ አልተመለሰም። ዕውቀቱ የወጣበት በር ነበረ፤ የሚመለስበት መንገድ ግን አልነበረም።

ምጽዋ ላይ የቀሩት ባለሙያዎች

ዐፄ ቴዎድሮስ ሙያ ከውጭ እንዲገባ ከማንም ይልቅ የጓጉ ንጉሥ ነበሩ። በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የሰፈሩት ኤውሮጳውያን የእጅ ሙያተኞች በትእዛዛቸው መድፎች አቅልጠዋል። ከነዚህም ውስጥ ትልቁ፣ ሴባስቶፖል የተባለው፣ ወደ 7 ቶን ይመዝን ነበር። በ1867 መጨረሻ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ በወሎ ገደላገደል መንገድ እየተቆረጠለት በስድስት ወር ገደማ መቅደላ መግባቱ በአገራችን የመንገድ ሥራ ታሪክ ውስጥ ስፍራ የሚሰጠው ነው።

ንጉሡ በ1862 ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ መልስ ስላጣ የእንግሊዙን ቆንስልና ሌሎችን አሠሩ። ይሁን እንጂ በ1866 ፍላድ የተባለውን ሚስዮናዊ ወደ እንግሊዝ አገር ልከው ባለሙያዎችና መሣሪያ እንዲመጡላቸው ጠየቁ። የእንግሊዝ መንግሥት ሙያተኞቹን ቀጥሮ ከነዕቃቸው እስከ ምጽዋ ላካቸው፤ ነገር ግን እስረኞቹ ሳይለቀቁ ወደ ደጋው እንዳያልፉ ወሰነ። ንጉሡ ሙያተኞቹ ሳይገቡ እስረኞቹን አይለቁም፤ እንግሊዞቹም እስረኞቹ ሳይወጡ ሙያተኞቹን አያስገቡም። ሙያተኞቹ ምጽዋ ላይ ቆይተው ወደ መጡበት ተመለሱ። በእነርሱ ፈንታ በዚያው ባሕር ዳርቻ የመጣው ጦር ሲሆን፣ ፍጻሜውም በ1868 በመቅደላ ሆነ። በመግቢያና በመውጫ ላይ የተነሣ ክርክር ይህን ያህል ደም ያስከፈለበት ሌላ ጊዜ በአገራችን ታሪክ ማግኘት ያስቸግራል።

ከተማሪ መላክ እስከ መውጫ ቪዛ

ዐፄ ምኒልክ የተከተሉት መንገድ ከቀድሞው የተለየ ነበር። የስዊሱ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ በ1879 ከሁለት ያገሩ ባለሙያዎች ጋር ሸዋ ገባ፤ ወደ አገሩም እየተመላለሰ እስከ 1900ዎቹ ድረስ አገለገለ። የምድር ባቡሩ ውል በ1894 የተፈረመው በእርሱ ጥረት ሲሆን ሐዲዱ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። መውጣት የተፈቀደለት ሰው ተመልሶ ለመምጣት አለመቸገሩን የኢልግ ታሪክ ይመሰክራል። በዚያው ጊዜ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ፣ ጉግሣ ዳርጌና ቅጣው ዘአማኑኤል ለትምህርት ወደ ስዊስ ተላኩ፤ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ደግሞ በሩስያ የመድፈኛነት ትምህርት ተማሩ። ራስ ተፈሪም በ1920ዎቹ ብዙ ወጣቶችን ወደ ፈረንሳይ፣ ወደ እንግሊዝ፣ ወደ ግብፅና ወደ አሜሪካ ላኩ። ከኢየሩሳሌም የመጡት 40 የአርመን ልጆች በ1924 አዲስ አበባ ገብተው የዘመናዊ ሙዚቃ ጀማሪዎች የሆኑትም በእርሳቸው ፈቃድ ነው።

ያ ትውልድ ተመልሶ በሥራ ላይ ሳለ የኢጣልያ ወረራ ደረሰ፤ በየካቲት 1937 በተደረገው ጭፍጨፋና ከዚያም በኋላ ከተማሩት ብዙዎቹ ተገደሉ። ከነፃነት በኋላ ሥራው እንደገና ከሀ ተጀመረ። በ1950 የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ሲከፈትና ከጥቂት ጊዜም በኋላ የምሕንድስና ኮሌጁ ሲቋቋም፣ ሙያውን የሚረከብ ሰው በአገር ውስጥ ማዘጋጀት ተቻለ።

ከ1974 በኋላ በደርግ ዘመን የመውጫ ቪዛ ነገር እጅግ ጠበቀ። አገር ለቆ ለመሄድ የመንግሥት ፈቃድ ማግኘት አስቸጋሪ ስለ ሆነ፣ ለትምህርት ዕድል አግኝቶ የወጣው ሰው ከተመለሰ ዳግመኛ እንደማይወጣ እያሰበ በዚያው መቅረትን መረጠ፤ ሌላውም በእግሩ ድንበር ተሻግሮ ተሰደደ። የኮቪልያም ታሪክ በሌላ መልክ ተደገመ ማለት ነው።

የዛሬው ሁኔታ

በኤውሮጳ በኩል የፓስፖርት መልክ አንድ ወጥ እንዲሆን የተመከረው በ1920 በፓሪስ በተደረገ ጉባኤ ነበር። የሼንገን ስምምነት በ1985 ተፈርሞ በ1995 ሥራ ላይ ሲውል የኤውሮጳ ከተሞች እርስ በርሳቸው በር ከፈቱ፤ ከውጭ ለሚመጣው ግን በሩ አንድና ጠንካራ ሆነ። በ2009 የተደነገገው ሰማያዊ ካርድ ደግሞ ከፍተኛ ትምህርትና የሥራ ውል ላለው ሰው የተለየ መግቢያ አዘጋጀ። በዚህ ሕግ የሚፈለገው አስቀድሞ ተምሮ የበቃ ሰው ነው። ተማሪው ግን ቪዛ ሲጠይቅ የገንዘብ ማስረጃ ማቅረብና ብዙ ጊዜም ወደ አገሩ የሚመለስ መሆኑን ማሳመን ይጠበቅበታል። ስለዚህ ድኻ አገር ያስተማረችውን መሐንዲስ መውሰድ ቀላል፣ ያላስተማረችውን ወጣት ተቀብሎ ማስተማር ግን ከባድ ሆኗል።

በእኛም በኩል ሕግ አለ። በ2019 በወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ መሠረት ለውጭ አገር ዜጋ የሥራ ፈቃድ የሚሰጠው ለተወሰነ የሥራ ዓይነትና ለተወሰነ ጊዜ ነው። በ2020 የወጣው የኢንቨስትመንት አዋጅም የውጭ ባለሙያ የቀጠረ ድርጅት ኢትዮጵያውያንን አሠልጥኖ እንዲተካ ያዛል። በ2002 በወጣው አዋጅ ደግሞ የሌላ አገር ዜግነት የያዙ ትውልደ ኢትዮጵያውያን በልዩ መታወቂያ ያለ ቪዛ እንዲገቡና ያለ ሥራ ፈቃድ እንዲሠሩ ተፈቅዷል። በወረቀት ላይ ሲታዩ መግቢያውም፣ ርክክቡም፣ መመለሻውም ተሟልተዋል።

ሕጉን በሥራ የሚተረጉመው ግን በየግንባታው ቦታና በየጽሕፈት ቤቱ ያለው ባለሙያ ነው። የውጭው መሐንዲስ ስሌቱንና ንድፉን ለማን አስረክቦ እንደሚሄድ በውሉ ላይ ካልተጻፈ፣ ከውጭ ተምሮ የተመለሰውም ሰው ሙያውን የሚያውልበት መደብ ካላገኘ፣ የተከፈተው በር ለማንም አይጠቅምም። ከይኩኖ አምላክ ደብዳቤ እስከ አቡነ ባስልዮስ ሹመት 677 ዓመት አልፏል። ገነተ ማርያምን የፈለፈሉት እጆች ግን በዚያ ሁሉ ዘመን የማንንም መግቢያ ፈቃድ አልጠበቁም፤ ሙያው ከአባት ወደ ልጅ፣ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር ሲተላለፍ ኖሯልና። ከላስታ ዓለት የሙያ ማኅበራችን የሚማረው ትልቁ ነገር ይኸው የርክክብ ልማድ ነው።