ካላዛርና አንቲባዮቲክ፦ በገዳሪፍ ያልሠራው መድኃኒት እንዴት ተመልሶ መጣ?

በምሥራቅ ሱዳን ገዳሪፍ ግዛት በሚገኙት ሰፋፊ የማሽላና የሰሊጥ እርሻዎች ክረምት ሲገባ ለአረም፣ መኸር ሲደርስ ለአጨዳ በርካታ የቀን ሠራተኞች ይሰማራሉ። ከእነዚህ መካከል በመተማ በኩል ድንበር የሚሻገሩ ኢትዮጵያውያን ይገኙበታል። በመተማና በሁመራ ቆላ የሚሠሩት ደግሞ ተመሳሳይ ሥራ በተመሳሳይ ጥቁር አፈር ላይ ያከናውናሉ። ሥራው አልቆ ወደ ደጋ ከተመለሱ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ካለፉ በኋላ ትኩሳት የሚጀምራቸው አሉ። መጀመሪያ የሚጠረጠረው ወባ ነው። የወባው መድኃኒት ካላሻለ “ታይፎይድ ይሆናል” ተብሎ ከመድኃኒት ቤት አንቲባዮቲክ ይገዛል። እርሱም ካልረዳ ጠንከር ያለ ሌላ ይተካል። በዚህ መሀል ሰውነት ይከሳል፤ ደም ያንሳል፤ በግራ ጎን በኩል ጣፊያ እያበጠ ይመጣል።

ይህ የካላዛር መልክ ነው። በሽታው ካልታከመ ከመቶ ታማሚዎች ከ95 በላይ የሚሆኑትን እንደሚገድል የዓለም ጤና ድርጅት ይገልጻል። መንስኤው ባክቴሪያ ሳይሆን ሊሽማኒያ የተባለ ጥገኛ ተህዋስ ነው። ተህዋሱን የምታስተላልፈው በዓይን ለማየት የምታስቸግር ደቃቅ የአሸዋ ዝንብ ናት። ዝንቧ በበጋ በሚሰነጣጠቀው ጥቁር አፈርና በግራር ዛፎች አካባቢ ትራባለች፤ የምትናከሰውም በአብዛኛው ከምሽት እስከ ንጋት ነው። ሜዳ ላይ ወይም ዛፍ ሥር የሚያድር ሠራተኛ ዋነኛ ተጋላጭ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

አሞክሳሲሊን፣ ሲፕሮፍሎክሳሲን፣ ሴፍትሪያክሶንና የመሳሰሉት የተለመዱ አንቲባዮቲኮች ሊሽማኒያን አይገድሉም። ካላዛር የሰውነትን መከላከያ ስለሚያዳክም ታማሚው በተጨማሪ የሳንባ ምች ወይም የደም መመረዝ ሊይዘው ይችላል፤ ሐኪሞች በዚህ ጊዜ አንቲባዮቲክ ያዝዛሉ፤ ተገቢም ነው። አደጋው ያለው ሌላ ቦታ ነው። ተደራቢው ኢንፌክሽን ታክሞ ትኩሳቱ ጥቂት ቀን ጋብ ሲል ታማሚው የዳነ ይመስለዋል፤ ዋናው በሽታ ግን ሥራውን ይቀጥላል።

የመዘግየት ዋጋ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ በደቡብ ጎንደር ታይቷል። በአውሮፓውያኑ 2005 በሊቦ ከምከም ወረዳ የካላዛር ወረርሽኝ መኖሩ ሲረጋገጥ በሽታው ብዙ ሰው ከያዘና ከገደለ በኋላ ነበር። ቀደም ሲል መድኃኒት የተላመደ ወባ ነው ተብሎ ታስቦ ነበር። ተህዋሱን ወደ ወረዳው ያመጡት ከመተማና ከሁመራ እርሻዎች የተመለሱ ሠራተኞች ሳይሆኑ እንደማይቀሩ አጥኚዎች ያምናሉ።

የተለየው አንቲባዮቲክ

ከአንቲባዮቲኮች ወገን ግን ሊሽማኒያን የሚገድል አንድ መድኃኒት አለ፤ ፓሮሞማይሲን ይባላል። እንደ ስትሬፕቶማይሲን ሁሉ በአፈር ውስጥ ከሚኖሩ ባክቴሪያዎች የተገኘ ሲሆን፣ የጄንታማይሲንም የቅርብ ዘመድ ነው። ዘመዶቹ ካላዛርን አያድኑም። እርሱ ግን የሊሽማኒያን ፕሮቲን የመሥራት አቅም ያውካል። ይህ ጠባዩ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ቢታወቅም ታማሚዎቹ ድሆች፣ ገበያውም አትራፊ ያልሆነ በመሆኑ ለአሥርተ ዓመታት ዞር ብሎ ያየው አልነበረም።

መድኃኒቱ እንደገና ትኩረት ያገኘው በሕንድ ነው። በዚያ በተደረገ ሙከራ በቀን አንድ መርፌ ለ21 ቀናት የወሰዱ ታማሚዎች 95 በመቶ ገደማ ስለዳኑ የአገሪቱ መንግሥት በ2006 አጸደቀው። በዚያው ሰሞን የሱዳን፣ የኢትዮጵያ፣ የኬንያና የኡጋንዳ ተመራማሪዎች በ2003 ካርቱም ላይ በመሠረቱት ትስስር አማካይነት ያንኑ መድኃኒት በምሥራቅ አፍሪካ መሞከር ጀምረው ነበር። ችላ ለተባሉ በሽታዎች መድኃኒት የሚያፈላልገው ዲኤንዲአይ የተባለው ድርጅት ሥራውን ደገፈ።

ውጤቱ የሚያስደነግጥ ሆነ። በሕንድ የሠራው መጠን በኢትዮጵያና በኬንያ የሙከራ ጣቢያዎች 75 በመቶና ከዚያ በላይ ታማሚዎችን ሲያድን፣ በገዳሪፍ ግዛት በካሳብና በኡም ኤል ኸይር ግን ከግማሽ በታች ሆነ፤ በአንደኛው ጣቢያ የዳኑት 14 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። በፕሮፌሰር አስራት ኃይሉ መሪ ጸሐፊነት በ2010 የታተመው ጥናት ይህን ልዩነት በግልጽ አስቀምጧል። ለምን እንዲህ እንደሆነ እስካሁን የተሟላ ማብራሪያ አልተገኘለትም። አንድ ነገር ግን ለማንም ግልጽ ነበር፦ በአንድ አገር የተፈተነን መድኃኒት እንዳለ ወደ ሌላው ማዛወር ሰው ያስገድላል።

ተመራማሪዎቹ መድኃኒቱን አልጣሉትም። መጠኑን ከፍ ማድረግ ውጤቱን ቢያሻሽለውም ብቻውን በቂ አልሆነም። የተሳካው ከነባሩ የአንቲሞኒ መርፌ ከሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት ጋር ሲጣመር ነው። አንቲሞኒው ለብቻው 30 ቀን ይወስድ የነበረ ሲሆን፣ ጥምሩ በ17 ቀን 91 በመቶ ታማሚዎችን አዳነ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 ጥምሩን ለምሥራቅ አፍሪካ የመጀመሪያ ምርጫ አድርጎ መከረ። በሁለት መድኃኒት ማከም ተህዋሱ አንዱን እንዳይላመድም ይረዳል።

ጥምሩ ያለ ችግር አይደለም። አንቲሞኒው ልብን፣ ቆሽትንና ጉበትን ሊጎዳ ይችላል፤ ፓሮሞማይሲን ደግሞ ጆሮንና ኩላሊትን። ከዚህም በላይ በቀን ሁለት መርፌ ለ17 ቀን መወጋት፣ ሥጋው ላለቀ ሰው በተለይም ለሕፃን፣ ራሱን የቻለ ሥቃይ ነው።

መርፌውን ለመቀነስ በሱዳናዊው ፕሮፌሰር አሕመድ ሙሳ መሪነት ሌላ ሙከራ ተካሂዶ በ2022 ውጤቱ ታተመ። ከ4 እስከ 50 ዓመት ዕድሜ ያላቸው 439 ታማሚዎች በአራት አገሮች ተሳትፈዋል፤ በገዳሪፍ ዶካ፣ በኢትዮጵያ ደግሞ ጎንደርና አብደራፊ ከጣቢያዎቹ መካከል ነበሩ። አንቲሞኒው ወጥቶ ሚልቴፎሲን የተባለ የሚዋጥ መድኃኒት ሲተካ፣ ሕክምናው በ14 ቀን ያልቃል፤ መርፌውም በቀን አንድ ይሆናል። ከስድስት ወር በኋላ ሲታይ በሁለቱም መንገድ የዳኑት ከመቶ 91 ያህል ናቸው።

ለማን አይሰጥም?

ሚልቴፎሲን ፅንስን ስለሚጎዳ ለነፍሰ ጡር ሴት አይሰጥም፤ በመውለድ ዕድሜ ላይ ያለች ሴት ስትወስደው የእርግዝና መከላከያ ያስፈልጋታል። ለነፍሰ ጡሮች የሚመረጠው በደም ሥር የሚሰጠው አምቢሶም ነው። ኤችአይቪ ላለባቸው ታማሚዎችም አካሄዱ የተለየ ነው፤ በጎንደርና በአብደራፊ ከተደረገ ጥናት በኋላ የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 አምቢሶምን ከሚልቴፎሲን ጋር መስጠትን መክሯል። በሁመራና በመተማ መስመር ሁለቱ በሽታዎች ተደርበው መገኘታቸው የተለመደ በመሆኑ የካላዛር ታማሚ ሁሉ የኤችአይቪ ምርመራ ማድረግ ይገባዋል። ሌላው ጥንቃቄ ከጄንታማይሲን ጋር የተያያዘ ነው፦ ሁለቱም ጆሮንና ኩላሊትን ስለሚጎዱ፣ ታማሚው ቀደም ብሎ በየመድኃኒት ቤቱና በየክሊኒኩ የወሰደውን ሁሉ ለሐኪሙ መንገር አለበት።

በሚያዝያ 2023 በሱዳን የተቀሰቀሰው ጦርነት ይህን ሁሉ አወሳሰበው። ከካርቱም፣ ከገዚራና ከሴናር የሸሹ ሰዎች ወደ ገዳሪፍ ጎርፈዋል። ከ2020 ጀምሮ ከትግራይ የተሰደዱ ኢትዮጵያውያን ደግሞ በኡም ራኩባና በቱናይድባ መጠለያዎች ይኖራሉ። በሽታው ከሌለበት አካባቢ የመጣ ሰው ሰውነቱ ተህዋሱን ስለማያውቀው ይበልጥ ይጋለጣል። ለ14 ቀን በየዕለቱ የሚሰጥ መርፌ ደግሞ የሚሠራ ሆስፒታል፣ ሠራተኛና ያልተቋረጠ አቅርቦት ይፈልጋል። ከአንድ ሰፈር ወደ ሌላ ለሚፈናቀል ቤተሰብ ሁለት ሳምንት ረጅም ጊዜ ነው።

በአካባቢው ቆይቶ ከሁለት ሳምንት ያላነሰ ትኩሳት ያለበት፣ ጣፊያው ያበጠ ወይም የከሳ ሰው በቅድሚያ ከጣት በሚወሰድ ደም የሚሠራውን ፈጣን ምርመራ ሊያደርግ ይገባል። ይህ ምርመራ በምሥራቅ አፍሪካ አንዳንድ ታማሚዎችን ስለሚያመልጠው፣ “የለብህም” የሚል ውጤት ብቻውን መደምደሚያ አይሆንም፤ ሐኪሙ ከጣፊያ ወይም ከአጥንት መቅኒ ናሙና ሊወስድ ይችላል። ከዳነ በኋላም ክትትሉ ስድስት ወር ይቀጥላል። በሱዳን ብዙ የዳኑ ሰዎች ፊታቸው ላይ ሽፍታ ይወጣባቸዋል። ሽፍታው ከሰው ወደ ሰው በንክኪ ባይተላለፍም ዝንቧ ተህዋሱን ከዚያ ልትወስድ ትችላለች። አብዛኛው በራሱ ይጠፋል፤ ለማይጠፋውም ፓሮሞማይሲንን ከሚልቴፎሲን ጋር መስጠት በዚያው በዶካ ተሞክሮ ጥሩ ውጤት አሳይቷል።