ሳያካፍል የመረመረው ሉካስ

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ፤ የአንድ ቁጥር ታሪክ ላውጋችሁ። ሁለትን 127 ጊዜ ጻፉና ሁሉንም እርስ በርስ አባዙ፤ ከውጤቱ ላይ አንድ ቀንሱ። 170141183460469231731687303715884105727 ይመጣል። 39 አሃዝ ነው። ከአንድና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው የለም፤ ብቸኛ ቁጥር ነው።

የነገሩ መነሻ ማሪን መርሰን የሚባል ፈረንሳዊ መነኩሴ ነው። እ.ኤ.አ. በ1644 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሁለት ስንት ጊዜ ሲባዛ በዚህ መንገድ ብቸኛ ቁጥር እንደሚወጣ እስከ 257 ድረስ ዘረዘረ። 67 አለበት፤ 127ም አለበት። ማረጋገጫ ግን የለውም። ማንስ ሊያረጋግጥ? ይህን የሚያህል ቁጥር በትንንሾቹ እያካፈልኩ ልፈትሽ ያለ ሰው ዕድሜውን ቢጨርስ ዳር አይደርስም።

ከ232 ዓመት በኋላ ኤድዋር ሉካስ መጣ። በመድፈኛ ጦር መኮንንነት ያገለገለ፣ ኋላም ሂሳብ ያስተማረ ፈረንሳዊ ነው። አካፋይ ፍለጋውን እርግፍ አድርጎ ተወው። ዘዴውን በትንሹ ላሳያችሁ። ሁለትን ሰባት ጊዜ አባዝተን አንድ ስንቀንስ 127 እናገኛለን። ከ3 ጀምሩ፤ በራሱ አባዙት፣ ሁለት ቀንሱ፣ ከ127 ከበለጠ ለ127 አካፍላችሁ ቀሪውን ብቻ ያዙ። 3 ወደ 7፣ 7 ወደ 47 ይሄዳል። የ47 ተራ ሲደርስ 2207 ይሆናል፤ ቀሪው 48። ከ48 የሚገኘው ቀሪ 16 ነው። 16 ደግሞ 254 ይሰጣል፤ እሱም ሁለት ጊዜ 127 ነውና ቀሪው ዜሮ! በአምስተኛው፣ ማለትም ከሰባት በሁለት ባነሰው እርምጃ ዜሮ መጣ፤ እንግዲያው 127 ብቸኛ ነው። አንድም አካፋይ አልሞከርንም። እኔ ከቁጥሩ ግዝፈት ይልቅ የምደነቀው በዚህ ነው።

ለባለ 39 አሃዙ 125 እርምጃ ያስፈልጋል፤ በእያንዳንዱም ግዙፍ ብዜት አለ። ሉካስ ቁጥሮቹን በዜሮና በአንድ ብቻ ጽፎ፣ 127 በ127 በሆነ የቼዝ መሰል ሰሌዳ ላይ ስሌቱን እንደ ጨዋታ የሚሠራበትን መላ ቀየሰ። አንድ ባለበት ቤት ጠጠር ይቀመጣል፤ ዜሮ ባለበት ባዶ ይተዋል። ከሰሌዳው ጠርዝ የሚያልፍ ጠጠር ዞሮ በመጀመሪያው ዓምድ ይገባል፤ በዚህም ማካፈል ቀረለት።

በ1876 ውጤቱን አስታወቀ፦ መርሰን ስለ 127 ልክ ነበር። ስለ 67 ግን ተሳስቷል። ሁለት 67 ጊዜ ተባዝቶ አንድ ሲቀነስ የሚመጣውን ቁጥር አካፋዮች ሉካስ አላገኛቸውም፤ ብቸኛ አለመሆኑን ብቻ አወቀ። አካፋዮቹን ፍራንክ ኮል የተባለ አሜሪካዊ በ1903 ኒውዮርክ ላይ ይፋ አደረጋቸው፤ 193707721 እና 761838257287 ናቸው።

የሉካስ ቁጥር 75 ዓመት ሙሉ ከሚታወቁት ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ ትልቁ ሆኖ ቆየ። ሌመር የተባለ የሂሳብ ሊቅ በ1930 የሉካስን ዘዴ አቃንቶ ከ4 እንዲጀመር አደረገ። በጥቅምት 2024 ሉክ ዱራንት የተባለ ሰው ያገኘው ባለ 41,024,320 አሃዝ ቁጥርም የተረጋገጠው በዚሁ ዘዴ ነው።

እናንተም ደብተር አውጡና 2047ን ሞክሩ፤ ሁለት 11 ጊዜ ተባዝቶ አንድ ሲቀነስ ነው። ከ3 ተነስታችሁ ዘጠኝ እርምጃ ሂዱ። መጨረሻ ላይ 1034 ካገኛችሁ በትክክል ሠርታችኋል። ዜሮ አይደለም፤ 2047 የ23 እና የ89 ብዜት ነውና።