የሌይስተን የእንፋሎት ሞተር ፋብሪካ

በምሥራቅ እንግሊዝ፣ ሰፎክ ውስጥ በምትገኘው ትንሽ ከተማ ሌይስተን የነበረ፣ «ሪቻርድ ጋሬትና ልጆች» የተባለ የቤተሰብ ድርጅት (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1778 ሲመሠረት ማጭድና የመሳሰለውን የእርሻ መሣሪያ የሚሠራ የአንጥረኛ ቤት ነበር። ስሙን የተከለው ግን በፈረስ እየተጎተተ ከእርሻ እርሻ የሚዞረውና የእህል መውቂያ የሚያንቀሳቅሰው የእንፋሎት ሞተር ነው። በ1851 በለንደኑ ታላቅ ኤግዚቢሽን የአሜሪካኖችን አሠራር ያየው የመሥራቹ የልጅ ልጅ፣ ሪቻርድ ጋሬት ሣልሳዊ፣ ወዲያው «ረጅሙ ወርክሾፕ» የተባለውን አዳራሽ አሠራ። ሞተሩ ከአንደኛው ጫፍ ተነሥቶ በመካከል ሲያልፍ፣ በግራና በቀኝ፣ በፎቁም ላይ የተዘጋጁት ክፍሎች በየተራ ይገጠሙለት ነበር። በእጅና በክሬን ይገፋ ስለነበር ከመኪና አምራቹ ፎርድ ተንቀሳቃሽ የመገጣጠሚያ መስመር ጋር እኩል ማየት ማጋነን ነው፤ ሐሳቡ ግን ስልሳ ዓመት ይቀድመዋል። የከተማው ሰው ሕንፃውን «ካቴድራል» ይለው ነበር።

የብሪታንያ ፈር ቀዳጅ ሴት ሐኪም ኤልሳቤጥ ጋሬት አንደርሰን የዚሁ ቤተሰብ ልጅ ናት።

ድርጅቱ በ1932 ከስሮ በማንችስተሩ ባየር ፒኮክ ተገዛ፤ በ1980 አካባቢም ተዘጋ። አዳራሹ ከ1984 ጀምሮ ሙዚየም ነው።