የአጥንት መሳሳት ክኒንና የማለዳ ቡና

ኦስቲዮፖሮሲስ ለሚባለው የአጥንት መሳሳት በአፍ የሚወሰደው አሌንድሮኔት ጥብቅ የአወሳሰድ ሥርዓት አለው፤ በባዶ ሆድ፣ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ውኃ፣ ለ30 ደቂቃም ጋደም ሳይሉ። ይህ ሥርዓት ከፊሉ በቤተ ሙከራ፣ ከፊሉም በታካሚዎች ጉዳት የተገኘ ነው።

ቢስፎስፎኔት ለተባለው የመድኃኒት ወገን መሠረት የጣለው፣ ስዊዘርላንዳዊው ኸርበርት ፍላይሽና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ያካሄዱት ምርምር ነው። የመድኃኒቱ ከካልሲየም ጋር አጥብቆ መጣበቅ ለአጥንት ጠቀመ፤ ከአንጀት ወደ ደም ለመግባት ግን እንቅፋት ሆነ። በባዶ ሆድ እንኳ ቢዋጥ ወደ ደም የሚገባው ከ1 በመቶ በታች ነው።

አሌንድሮኔት እ.ኤ.አ. በ1995 በአሜሪካ ተፈቀደ። በ1996 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን የወጣ ዘገባ በምግብ ቧንቧ ላይ የደረሱ 199 ችግሮችን መዘገበ፤ ከእነዚህ 51ዱ ከባድ ነበሩ። ጉዳቱ ክኒኑን በጥቂት ውኃ ከመዋጥ፣ ከዋጡ በኋላ ከመተኛትና ሕመም እየተሰማ መድኃኒቱን ከመቀጠል ጋር የተያያዘ ሆኖ ተገኘ። በ2000 በሳምንት አንድ ጊዜ የሚወሰደው ክኒን መጣ። ከ2003 ጀምሮ የመንጋጋ አጥንት መሞት ተዘገበ፤ በ2010 ደግሞ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ያልተለመደ የጭን አጥንት ስብራትን በሚመለከት አስጠነቀቀ። ስለዚህም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሕክምናው መቀጠል አለመቀጠሉ እንደገና ይመረመራል።

በቡናዋ በዓለም ገበያ ስሟ በሚጠራው በጌዴኦ ዞን ኮንጋ ይህ ታሪክ የተለየ ትርጉም አለው። አሌንድሮኔት ከቡና ጋር ሲወሰድ ወደ ደም የሚገባው መጠን በ60 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ቡናን ከምግብ የማይቆጥሩ አዛውንት «በባዶ ሆድ» የሚለውን ትእዛዝ የጠበቁ መስሏቸው የመድኃኒቱን ጥቅም ሊያጡ ይችላሉ። ጉዳቱም ስብራት እስኪደርስ ድረስ አይታይም።

በኮንጋም ሆነ በዲላ ክኒኑን የሚያዝ ወይም የሚያድል ባለሙያ አስቀድሞ ታካሚው ለመዋጥ ይቸገሩ እንደሆነ፣ ለግማሽ ሰዓት ቀጥ ብለው መቀመጥ ይችሉ እንደሆነ ይጠይቅ፤ የኩላሊትና የካልሲየም ምርመራቸውንም ይመልከት። ሲውጡ ካመማቸው ወይም ደረታቸውን ካቃጠላቸው ክኒኑን አቁመው እንዲመለሱ ይንገር። ከዚያም ምክሩን በሚያውቁት ነገር ይግለጽላቸው፦ «ክኒኑን በውኃ ብቻ ይዋጡ፤ ቡናው ግማሽ ሰዓት ይቆይ።»